የአባባ ሁመድ ውጅግራ

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን የውኃ ፓምፕ ዘንግ ተበልቶ ውኃ ሲጠፋ፣ ርእሰ መምህሩ ዘንጉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና ሎጊያ ወስጄ እንዳሠራው ለመኑኝ። የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ከፓምፕ ጋር የሚያዛምደኝ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ሰመራ ውስጥ ባልደረቦቼ «የብረት ልጅ» የሚል ስም ስላወጡልኝ፣ የወንበር እግር ቢወላለቅ እንኳ ተሯሩጠው የሚመጡት ወደ እኔ ነው፤ እኔም አፌ እምቢ እያለ እግሬ ይሄዳል። ሎጊያ እንደ ወትሮዋ በጂቡቲ ተሳቢዎች ተጨናንቃለች። ረዳቶቹ እግራቸውን ብቻ አስቀርተው መኪና ሥር ገብተዋል፤ ከየምግብ ቤቱ የሚወጣው የጥብስ ጭስ ከናፍጣው ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ሞልቶታል። ቶርኖ ቤት ገባሁ። ወጣቱ ባለሙያ ዘንጉን ማሽኑ ላይ አሰረና ስለቱን አስጠጋው፤ እንደ ወተት የነጣው ማቀዝቀዣ ዘይት የጋለው ብረት ላይ ጠብ ሲል ጭሱ ተነሣ፤ ያ ጭስ አፍንጫዬን ሲነካው ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«እትዬ፣ ጭሱ ይጎዳዎታል፤ ውጪ ጥላው ሥር ይቀመጡ» አለኝ ልጁ።

«ግድ የለም ልጄ፣ እኔ ያደግሁት በዚህ ጭስ ነው» አልኩት። ሙቀቱ አናቴ ላይ የወጣ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣልኝ።

እውነቴን ነበር። አዋሽ ሰባት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የነበረው ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ለእኛ፣ ሁለተኛው ለብረቱ። አባቴ ተሰማ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ቶርኖ የተማረው በወጣትነቱ ድሬዳዋ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ባቡሩ አዋሽ ላይ ተበላሽቶ አደረ፤ እሱም ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ እናቴን ሻይ ቤቱ ውስጥ አያት፤ በማግስቱ ባቡሩ ሲሄድ አባቴ ቀረ። «ባቡሩ ተጠገነ፣ እኔ ተበላሸሁ» ይል ነበር፣ በተለይ እናቴ እየሰማች። ከዓመታት በኋላ አንድ አሮጌ የቶርኖ ማሽን አስጭኖ አመጣና ሁለተኛውን ክፍል ሰጠው። ከእኛ ክፍል የሚለየው የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ የእኔ አልጋ ደግሞ እዚያው ቆርቆሮ ሥር። የአባቴን ሥራ በዓይኔ ከማየቴ በፊት በጆሮዬ ነው የተማርኩት። ሞረዱ ሲፍቅ፣ ማሽኑ ሲጎተት፣ የብርጭቆ ወረቀቱ እንጨት ላይ ሲሾልክ ለይቼ አውቃለሁ። ሥራው ከቀናው ያፏጫል። ፉጨቱ ድንገት ቀጥ ካለ አስቸጋሪ ቦታ ደርሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግና እኛ ልጆቹ ጉሮሯችንን እንኳ አንጠርግም። ፉጨቱ ሲመለስ ቤቱ በሙሉ ይተነፍሳል።

እናቴ ዕድሜዋን ከብረት ፍቅፋቂ ጋር ስትዋጋ ኖረች። ፍቅፋቂው በአባቴ ጫማና በሸሚዙ እጅጌ ተሳፍሮ አንሶላው ውስጥ ይገባል፣ ሊጡ ውስጥ ይገባል፣ የእኛም ተረከዝ ውስጥ ይገባል። ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣችው ማግኔት ነበራት፤ አልጋውን ከማንጠፏ በፊት ፍራሹን በእሱ ትዳስሳለች። «የሰው ባል ሙዝ ይዞ ይገባል፣ የእኔው ሚስማር ይዞብኝ ይገባል» ትላለች። የመንግሥትን የፈቃድ ወረቀት በመስታወት አስገብታ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አጠገብ የሰቀለችው እሷ ናት። ከእሳቱ መልአኩ፣ ከፖሊሱ ወረቀቱ ይጠብቁን ነበር።

ወደ አባቴ የሚመጡት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ በዕድሜ የባለቤቶቻቸውን አያት የሚያህሉ ናቸው፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን። ክላሽ አልፎ አልፎ ቢመጣም አባቴ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር የሚቀበለው፤ «ይኼ ጠመንጃ አይደለም፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው» ይላል። ያረጁት ግን ሕመማቸው ብዙ ነው። ጥይቱ የሚያልፍበት ረጅሙ የብረት ቱቦ፣ አፈሙዝ የምንለው፣ ውስጡ በዘመን ብዛት ተልጦ ያልቃል፤ ጥይታቸውንም የሚሠራ ፋብሪካ ከዓለም ጠፍቷል። ስለዚህ አባቴ የአንዱን ጠመንጃ አፈሙዝ ለሌላው ያጋባ ነበር። «አጋባሁት» ነበር የሚለው፣ ልክ እንደ ሽማግሌ። አንዳንዴም የአንዱን ጥይት ቀለህ ለሌላው እንዲስማማ አድርጎ ያበጀዋል፤ እንዲህ ያለውን ጥይት ደግሞ «ዲቃላ» ይለዋል። «እናቱ ፈረንሳይ፣ አባቱ ኦስትሪያ፣ ክርስትና የተነሣው አዋሽ ሰባት» እያለ በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ ሲያሳየኝ፣ እናቴ ከወዲያ ክፍል «በክርስትና አትቀልድ!» ብላ ትጮህበታለች።

ደንበኞቹ በአብዛኛው አፋሮች ነበሩ። መጥተው ጠመንጃውን በር ላይ ያስደግፉታል፤ ስለ ጠመንጃው ግን አይናገሩም። መጀመሪያ ዳጉ ነው። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ወሬ ነው፤ የእኛ ዓይነት ወሬ ግን አይደለም። የመጣው ሰው በመንገዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ፣ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የወለደችውን፣ የሞተውን፣ የጠፋችውን ፍየል ሳይቀር በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ሰሚው ሳያቋርጥ ይሰማል፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሰው ያደርሳል። መዋሸት ነውር ነው፤ ማስቀረትም ነውር ነው። አባቴ አዲስ ሰሞን እየቸኮለ «ጠመንጃው ምን ሆነ?» እያለ ጣልቃ ይገባ ነበር አሉ። በኋላ ግን ወግ ገብቶት፣ ባዶ ጣሳ ገልብጦ ይቀመጥና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያዳምጣል። ጠመንጃውም ተራው ደርሶ ዳጉው ውስጥ ይመጣል።

ከሁሉም አስበልጬ የምወዳቸው አባባ ሁመድ ነበሩ። ከአዋሽ አርባ ወዲያ በወንዙ ዳር ከብት የሚያረቡ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ከአባቴ ጋር እጅ ለእጅ ተሳስመው ሲያበቁ «ብረትህ ሰላም ነው?» ይሉታል፤ እሱም «ከብትህ ሰላም ነው?» ይላቸዋል፤ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ሁልጊዜም እንደ አዲስ ይስቃሉ። ልጃቸው አሊ አብሯቸው ይመጣል። አሊ ጣሪያ ሥር መግባት ስለማይወድ ፀጉሩን በቅቤ አርሶ፣ ማበጠሪያውን ፀጉሩ ላይ እንደሰካ በር ላይ ይቆማል። በጭስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ያመጣልኝና «ጠጪው፤ እንደ ግመል ትረዝሚያለሽ» ይለኛል። ጠጣሁ፤ አልረዘምኩም። የአባቱን ውጅግራ ድምፅም በአፉ ያስመስል ነበር፤ ጉንጩን ነፍቶ ከሆዱ «ዱዱም!» ሲል የሰፈሩ ልጆች በሙሉ «ድገመው!» ብለን እንከበዋለን። አሊን እወደው ነበር። እንደ ወንድም ነው ወይስ እንደ ሌላ፣ በዚያ ዕድሜ ልዩነቱን አላውቅም፤ ዛሬም ለይቼ ማወቅ አልፈልግም።

ያን ውጅግራ የአባባ ሁመድ አያት ናቸው በታጁራ በኩል ያስመጡት። ድምፁ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከተተኮሰ በኋላ እንኳ ሜዳው ላይ የሚንከባለል ነበር፤ በአካባቢው ሌላ ውጅግራ ስላልነበረ ሰው ሁሉ በድምፁ ያውቀዋል። አባባ ሁመድ ደግሞ በዋዛ አይተኩሱትም። አዋሽ በክረምት ተንኮለኛ ነው፤ ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፣ ከብቱ ወንዙ ዳር ለምለሙን ሲግጥ ውኃው ግንድ እየነዳ ከች ይላል። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር አባባ ሁመድ ከላይ በኩል ከፍ ያለ ቦታ ይዘው ወንዙን ይጠብቃሉ። ውኃው ሲደፈርስና ሲያብጥ ይተኩሳሉ። ታች ያሉት እረኞች ያን ድምፅ ከሰሙ ጥያቄ የለም፤ ከብቱን ነድተው ወደ ዳገቱ ነው። የማያውቁት ጠመንጃ ከተሰማ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዘራፊ ሊሆን ስለሚችል ከብቱን ወንዙ አፋፍ ካለው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ይደብቁታል። ይህን የማያውቅ የወንዙ ሰው አልነበረም።

አሊ ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ ክረምቱ ሲወጣ እንዲሆን ተቆረጠ። ያን ጊዜ አባባ ሁመድ ውጅግራውን አምጥተው አባቴ ጭን ላይ አስቀመጡት። የድሮ ጥይቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፣ አፈሙዙም ከማርጀቱ የተነሣ ጥይቱ «እንደ ሰካራም ነው የሚሄደው» አሉ። በልጃቸው ሠርግ ክላሽ በያዙት ጎረምሶች ፊት ማፈር አልፈለጉም። አባቴ ሰደፉን ምስጥ የጨረሰው አንድ ምንሽር ነበረው፤ የእሱን አፈሙዝ ለውጅግራው ሊያጋባው ተስማሙ። እንደዚያ ሰሞን ያለ ፉጨት ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። ምሳ ሲቀርብለት እንኳ በአንድ ጉንጩ እያኘከ በሌላው የሚያፏጭ ይመስል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ ከከተማው ወጣ ብለው ገደሉ አፋፍ ላይ ሞከሩት፤ እኔና እናቴ ልብስ እያሰጣን ሰማነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አየሩን የሚሰነጥቅ ጩኸት ነበር።

«ደሞ ይኼ የማን ነው?» አለች እናቴ፣ ሌላ ሰው የተኮሰ መስሏት።

ሲመለሱ አባባ ሁመድ እንደ ልጅ ይፈነድቁ ነበር፤ ጥይቱ ያሰቡት ድንጋይ ላይ አርፎላቸዋል። አባቴ ጠመንጃውን በጨርቅ እየወለወለ «ድምፁ ግን ቀጠነ ሁመድ፤ ጎረመሰ ስንለው ሕፃን ሆነብን» አለ። አባባ ሁመድ ሳቁና ጣታቸውን ቀሰሩ። «ለማንም አትናገር ተሰማ። ሠርጉ ቀን ተኩሼ ሁሉም ‹የማን ነው?› ይበል። ወላሂ፣ ያን ቀን ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ።»

የጠፋች ፍየል ሳትቀር ለመንገደኛ የሚያወሩት ሰው፣ በሕይወታቸው አንድ ነገር ከዳጉ አስቀሩ። ለክፋት አይደለም፤ ለሠርግ ደስታ ነው። ለአሊም አልነገሩትም፤ ከሁሉም በላይ የእሱን ፊት ነበር ማየት የፈለጉት። አባቴም ቃሉን ጠበቀ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን አባባ ሁመድ ብቻቸውን መጡ። ከአባቴ ጋር እጅ ተሳሳሙ። «ብረትህ ሰላም ነው?» አላሉትም። አባቴ ጣሳውን ገልብጦ ተቀመጠና ዳጉውን ጀመሩ። ደጋው ላይ ዝናቡ በርትቷል፤ ሣሩ ጥሩ ነው፤ የጎረቤታቸው ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ መንገድ ላይ አንድ ተሳቢ ተገልብጦ አይተዋል፣ ሾፌሩ ደህና ነው። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ አሊ ለምን ቀረ እያልኩ በቀዳዳው ወደ በሩ አያለሁ። ያንኑ ድምፅ ሳይለውጡ ቀጠሉ።

«ውኃው መጣ። አየሁት። ተኮስኩ። ታች ያሉት አላወቁኝም፤ ዘራፊ መጣ ብለው ከብቱን ጫካው ውስጥ አስገቡ። ደግሜ ተኮስኩ። ስደግም የባሰ ወደ ውስጥ ገቡ። ውኃው ደረሰ። እረኞቹ ልጆች ዛፍ ላይ ወጡ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ጊደር ታስራ ቀርታ ነበር፤ አብሯቸው የነበረው አሊ ሊፈታት ተመለሰ። አሊን ውኃ ወሰደው። ፈለግነው፣ አላገኘነውም። ዳጉው ይኼ ነው።»

አባቴ ከጣሳው ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ ሁመድ። እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«አንተ የሠራኸው ጥሩ ብረት ነው። አፍ የነበረኝ እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ዳጉው ልጄ ጋ ይደርስ ነበር።» ከዚያ ጠመንጃውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «አሁን የድሮውን አፈሙዝ መልስልኝ። ልጄ የሚያውቀው ያንን ነው።»

የድሮውን አፈሙዝ እናቴ መስኮታችን ላይ የመጋረጃ ዘንግ አድርጋው ነበር። ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች፤ አበባ ያለበትን መጋረጃ አወለቀችና አፈሙዙን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በሁለት እጇ ለአባቴ ሰጠችው። በባዶው መስኮት የገባው ፀሐይ ክፍሉን እርቃኑን አስቀረው። አባቴ ሥራውን ሲጀምር ሞረዱና ማሽኑ ብቻ ተሰሙ። አባባ ሁመድ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እኔ ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ እያለቀስኩ ፉጨቱን ጠበቅሁ፤ ቢያፏጭ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። አላፏጨም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ አፈሙዝ አላጋባም። ደንበኛ ሲመጣ «ዓይኔ ደከመ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ደህና ነበር። የወፍጮ ዘንግና የጋሪ ጎማ ሲያበጅ ኖሮ ሞተ፤ ማሽኑን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ወሰደው። አባባ ሁመድ ወደ ታችኛው አዋሽ ወርደዋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ሰመራ ተመድቤ እንደመጣሁ ያፈላለግሁት እሳቸውን ነው፤ ካለፉ ቆይተው ነበር። ዛሬ ጎርፍ ሲመጣ በስልክ ይነገራል። ጥሩ ነው፣ ተመስገን ነው፣ ስንቱ ይድናል። የሚናፍቀኝ ጠመንጃው አይደለም፤ ጠመንጃማ ይህች አገር ጠግባለች። የሚናፍቀኝ ሰውን በድምፁ የሚያውቅ ጆሮ ነው። ሻዩ ቢቀዘቅዝም ሳያቋርጥ የሚሰማው አባቴ ይናፍቀኛል፤ በእናቴ ቁጣ ላይ የሚደርበው ሳቁ ይናፍቀኛል። አሊ ቢኖር ዛሬ እሱም ጢሙን በሂና ያቀላ ነበር። እኔ ግን እያረጀሁ እሱ እዚያው ጎረምሳነቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ መጀመሪያ ታላቄ ነበር፣ ከዚያ እኩያዬ ሆነ፣ አሁን ከልጄ ያንሳል። የወተት ዕቃውን እንደያዘ ጣሪያ ሥር አልገባም ብሎ በር ላይ የቆመውን ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ «ግባ» እያልኩት እንደኖርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ የድሮው አፈሙዝ ለውጅግራው ተመልሶ በተገጠመ ማግስት ቤተሰቡ በሙሉ ለቅሶ ሄድን። እስከ አዋሽ አርባ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። ጎርፉ ጎድሏል፤ ጭቃው መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ውኃው ያመጣው ሣርና ጭራሮ ተንጠልጥሏል። ከውኃው የተረፉት ከብቶች ታች ወንዙ ዳር ተበታትነው ይግጣሉ። እናቴ ሴቶቹ ዘንድ ገብታ ተቀመጠች። አባባ ሁመድ ወንዙ ወደሚታይበት ዳገት ወጡ፤ አባቴ ከጎናቸው፣ እኔ የአባቴን ኮት ጫፍ ይዤ ከኋላ። አባቴ ከመሳቢያው ጥግ ፈልጎ ያገኛትን አንዲት የድሮ ጥይት አጎረሱት፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ያ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ሜዳው ላይ ተንከባለለ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ከወዲያ ማዶ ተመልሶ መጣ። አባባ ሁመድ ጠመንጃውን መሬት አስደግፈው፣ በመዳፋቸው ፀሐዩን ጋርደው ወደ ታች ማየት ጀመሩ። እኛም አየን።

ከብቶቹ ቀና አሉ። አንዷ ላም ሣሩን ትታ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ጥጆቹም ከእናቶቻቸው ኋላ። ማንም አልጠራቸውም። ጭቃውን እየረገጡ፣ ሳይሮጡ፣ በለመዱት መንገድ ወደ እኛ ወጡ፤ በአጠገባችን እያለፉ ከፍ ያለው ሜዳ ላይ ቆሙ። የመጨረሻዋ እስክታልፍ ድረስ አባባ ሁመድ እጃቸውን ከግንባራቸው አላወረዱም። ከኋላዋ የሚነዳት ሰው አልነበረም።